አቦሉን ለእኔ ተዉልኝ፦ ስፔሻሊቲ ቡናን ቤት ውስጥ መምረጥ፣ ማስቀመጥና ማፍላት

ዘጠኝ ዓመት ቡና ቀማሽ ሆኜ ሠርቻለሁ። ይህ ግን ግማሽ ኪሎ የጉጂ ቡና በበርበሬ ከመግደል አላዳነኝም። እማዬ ለፋሲካ ያስፈጨችውን በርበሬ በጣሳ አድርጋ ወጥ ቤት ካቢኔት ውስጥ አስቀመጠችው። እኔ ደግሞ የተቆላውን ቡና አፉን በላስቲክ አስሬ አጠገቡ አኖርኩት። በአሥረኛው ቀን ሳፈላው፣ እንጆሪ እንጆሪ ይል የነበረው ቡና ኮረሪማና ነጭ ሽንኩርት ሆኖ ቁጭ አለ። እማዬ አንድ ጊዜ ፉት አለችለትና «ዛሬ ገና ቡና አፈላሽ» አለችኝ።

ሥራዬ ላኪ ድርጅት ውስጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመን ከስኒ ወደ ስኒ እያለፍን፣ በማንኪያ ድምፅ እስኪያወጣ እየሳብን እንተፋለን። ከ100 ነጥብ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘው ስፔሻሊቲ ይባላል። ከዚያ በታች ያለውም ይሸጣል፣ ይጠጣል፤ ስም ግን የለውም። ከምናመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን የምንጠጣው እኛው ነን፤ ነገር ግን ለብዙ ዓመታት ጥሩው በመርከብ ሲሄድ እኛ ቤት የሚገባው ከለቀማው የተመለሰው ነበር። እናቶቻችን ቡናውን እስኪጠቁር የሚቆሉት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ጥቁር አድርገህ ከቆላኸው ሻጋታውም ነቀዙም አይታወቅም። አሁን ለውጭ ገበያ የሚሆነውን ቡና ቆልተው፣ ከየት እንደመጣ ጽፈው አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጡ ቤቶች አሉ። ያንን ገዝቶ እንደ ድሮው ማክሰል ግን ጥሩ ሥጋ ገዝቶ ድስት ላይ እንደ መርሳት ነው።

ዕቃ ለመግዛት አትቸኩሉ። ሰፌድ፣ ብረት ምጣድና ጀበና ካላችሁ ግማሹ መንገድ አልቋል። የሚጎድለው ሚዛን ነው። ግራም የሚለካ ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ከማንኛውም የቡና ማሽን በፊት ይቀድማል። «ሁለት ማንኪያ» የሚባል ልክ የለም፤ ጠቆር ብሎ የተቆላ ቡና ይነፋና ይቀልላል፣ ለስለስ ብሎ የተቆላው ትንሽና ከባድ ነው፤ በአንድ ማንኪያ የሚያዘው ክብደት ይለያያል።

ስትገዙ

ከረጢት ሳነሳ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ቀኑ ነው፤ የሚያበቃበት ሳይሆን የተቆላበት ቀን። «ለአንድ ዓመት ያገለግላል» የሚል ብቻ ከሆነ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ቀኑ ቢጻፍም እኛ አገር ሌላ ጣጣ አለ። 02/05 የሚል ስታዩ ጥር 2 ነው ወይስ ሜይ 2? አሜሪካ ኖሮ የመጣ ሰው ካተመው ደግሞ ፌብሩዋሪ 5 ይሆናል። እኔ ግንቦት መባቻ ላይ በዚሁ ተታልዬ፣ ከሳምንት በፊት የተቆላ መስሎኝ፣ አራት ወር የሞላው ቡና ተሸክሜ ገብቻለሁ። ጠይቁ፤ ሻጩ የሚመልሰው ከሌለው ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ቀጥሎ ቦታው ነው። «የይርጋጨፌ ቡና» ብሎ ዝም ያለ ከረጢት ብዙ አልነገራችሁም፤ ገበያ ውስጥ የወረደ ቡና ሁሉ ይርጋጨፌ ይባላል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው የጌዴኦን ኮቸሬ ወረዳ ከገደብ ወረዳ ለይቶ፣ የማጠቢያ ጣቢያውን ስም፣ ከፍታውን፣ የታጠበ ወይም ደረቅ መሆኑን ይጽፋል። 74110 ወይም 74112 የሚል ቁጥር ካያችሁ አትደናገጡ፣ የዝርያ ስም ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን መግባቱ ሲታወቅ፣ የጅማው ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ እናት ዛፎችን ከየአካባቢው መረጠ። 74 የተመረጡበት ዓመት፣ 1974 እ.ኤ.አ. ነው። በጌዴኦ ገበሬው ራሱ ኩሩሜ፣ ደጋ፣ ወሊሾ እያለ የሚጠራቸው የአካባቢው ዝርያዎችም አሉ፤ ኩሩሜ ፍሬዋ ትንሽ ናት፣ ወሊሾ ትልቅ።

የታጠበና ደረቅ የሚለው ልዩነት ለጀማሪ ከቦታው ይበልጣል። የታጠበ ቡና ቀይ እሸቱ በተለቀመበት ቀን ይፈለፈልና ውሃ ውስጥ ተብላልቶ፣ ታጥቦ የማድረቂያ አልጋ ላይ ይደርቃል፤ ስኒ ውስጥ ንጹሕ፣ ቀለል ያለ፣ የአበባና የሎሚ ልጣጭ ሽታ ያለው ይሆናል። ደረቁ ከነልብሱ እንደ ዘቢብ አልጋ ላይ ለሳምንታት እየተገላበጠ ይከርማል፤ ስኒ ውስጥ ወፍራም፣ ጣፋጭ፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል ነው። ሐረር በደረቅ ቡናው ነው የሚታወቀው፤ የቅምሻ ጠረጴዛ ላይ «ሞካ» የምንለው ጠባዩ መለያው ነው። ሊሙ በታጠበው ይታወቃል፤ የወለጋው ደረቅ ፍራፍሬው ይበረታል። ጉጂና ሲዳማ ሁለቱንም አሳምረው ይሠራሉ። ከአንድ አካባቢ አንድ የታጠበና አንድ ደረቅ ገዝታችሁ ጎን ለጎን ቅመሱ። ከዚያ በኋላ ከረጢት ላይ የሚጻፈው ግጥም አያታልላችሁም።

ብዙ አትግዙ። እኔ በአንድ ጊዜ 250 ግራም ነው የምገዛው፤ በቀን 15 ግራም ካፈላሁ ከሁለት ሳምንት ትንሽ ያልፋል። ሻጩ «ልፍጭልሽ?» ሲል «አይ» በሉ። የተፈጨ ቡና ሽታው በሰዓታት ውስጥ ይሄዳል።

ጥሬውን ገዝታችሁ ራሳችሁ የምትቆሉ ከሆነ ደግሞ ዓይንና ጥርስ ያስፈልጋል። መቶ ግራም መዝናችሁ ነጭ ወረቀት ላይ ዘርጉ። የታጠበ አዲስ ምርት ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ነው፤ ደረቁ ወደ ቢጫ ያዘነብላል። ነጣ ብሎ የደበዘዘ ከሆነ ከርሟል። ጥቁሩን፣ ነቀዝ የበሳውን፣ የሻገተውን፣ የተሰበረውን ለዩ። ሥራ ላይ 350 ግራም ዘርግተን ከባድ ጉድለት አንድም አንፈቅድም፣ ቀላሉን ደግሞ ከአምስት አናሳልፍም ነበር። ቤት ውስጥ ያን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም፤ ከመቶው ግራም አሥር መጥፎ ፍሬ ከወጣ ግን ዋጋው የስፔሻሊቲ መሆን የለበትም። ከዚያ አንዷን ፍሬ በፊት ጥርስ ንከሱ። ጥርስ ገብቶ ምልክቱን ከተወ ገና እርጥብ ነው፤ እንደ ድንጋይ ካስቸገረ ደህና ደርቋል። ትክክለኛው እርጥበት ከ10 እስከ 12 በመቶ ነው። መጨረሻ ላይ እፍኝ ሙሉ አንስታችሁ እፍ በሉበትና አሽቱት፤ አዲስ ቡና ሣር ሣር ይላል፣ የቆየ ጆንያ ጆንያ።

ስለ «አዲስ ምርት» አንድ ነገር ልጨምር። የደቡቡ ቡና በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥና ጥር ይለቀማል። ደርቆ፣ ተፈልፍሎ፣ ትንሽ አርፎ አዲስ አበባ የሚደርሰው ከየካቲት ወዲህ ነው። ኅዳር ላይ «የዘንድሮ የይርጋጨፌ ነው» የሚላችሁ ሰው የአምናውን እየሸጠላችሁ ነው።

ስታስቀምጡ

ቡና የሽታ ሌባ ነው፤ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ይሰርቃል። በርበሬ፣ ቅቤ፣ ሳሙና፣ እጣን አይመርጥም። ከዚያ ቀጥሎ አየር፣ እርጥበት፣ ሙቀትና ብርሃን ናቸው ጠላቶቹ። ስለዚህ ቆንጆ የመስታወት ብርጭቆ ውስጥ ሞልቶ መደርደሪያ ላይ ማሳየት ለፎቶ እንጂ ለቡና አይሆንም። የተሸጠበት ከረጢት ራሱ ብዙ ጊዜ ከሁሉም ይሻላል። ፊቱ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ቡናው የሚተፋውን ጋዝ ታስወጣለች፣ አየር ግን አታስገባም፤ ሱቅ ውስጥ ሰዎች ከረጢቱን ጨምቀው የሚያሸቱባት ያቺ ናት። አየሩን ጨምቃችሁ አውጡ፣ አፉን ጠቅልላችሁ በልብስ መቆንጠጫ ያዙት፣ ከምድጃው ራቅ ያለ ጨለማ መሳቢያ ውስጥ አኑሩት። እኔ ከበርበሬው ወዲህ ቡናዬን መኝታ ቤት አዛውሬዋለሁ።

ፍሪጅ አታስገቡ። ያ ቅቤና ሽንኩርት ያለበት፣ በቀን ሃያ ጊዜ የሚከፈት ዕቃ ነው። ፍሪዘር ሌላ ነገር ነው፤ በ15 ግራም በ15 ግራም እየከፈላችሁ በጠባብ ላስቲክ አየሩን አውጥታችሁ ካስገባችሁት ወራት ይቆያል። አንዴ ያወጣችሁትን ግን አትመልሱ። ሰፈራችሁ መብራት እየሄደ ፍሪዘሩ የሚቀልጥ ከሆነ እርሱትና በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ግዙ።

ጥሬ ቡና ትዕግሥተኛ ነው፤ በደህና ከተያዘ ከስምንትና ዘጠኝ ወር በላይ መልኩን ሳይለቅ ይቆያል። ክረምት ግን ይፈታተነዋል። ሐምሌና ነሐሴ ጆንያ ውስጥ የከረመ ቡና እርጥበት ይጠጣል። ወፍራም ላስቲክ ውስጥ አፉን አጥብቃችሁ እሰሩት፣ ከመሬት ከፍ አድርጉት። ውጭ ላለ ዘመድ የምትልኩ ደግሞ እባካችሁ፣ ሻንጣው ውስጥ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር አታጋቡት። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቴ የላክንላትን የሲዳማ ቡና ስትከፍት «ሽሮ ጨመርሽበት እንዴ?» ብላኛለች።

መቁላት

የማትቆሉ ይህንን ዝለሉት። የምትቆሉ ደግሞ ከእማዬ ጋር የተጣላሁበትን ነገር ስሙ፤ እሷ ቡናውን ምጣዱ ላይ በውሃ አሽታ ታጥበዋለች፣ እኔ አላጥብም። አቧራና አፈር ያለበት የገበያ ቡና ይታጠባል፣ እውነቷን ነው። ለውጭ ገበያ የተበጠረ ንጹሕ ቡና ግን እርጥብ ሆኖ ምጣድ ላይ ሲወጣ ውጭው እየተቀቀለ ውስጡ ይዘገያል፣ አቆላሉም ይዥጎረጎራል።

ብረት ምጣዱን መካከለኛ እሳት ላይ አግሉትና 200 ግራም ጨምሩ፤ ከዚያ በላይ አንድ ላይ አይገላበጥም። ማማሰያውን ለአንድ ሰከንድ አታስቀምጡ። አራት አምስት ደቂቃ ላይ ቡናው ቢጫ ይሆንና ቆሎ ቆሎ ይሸታል፤ በእውነት ገብስ የሚቆላ ነው የሚመስለው፣ ጎረቤትም ይሳሳታል። ከዚያ ሽታው ወደ ትኩስ ዳቦ ይዞራል፣ ገለፈቱ መውጣት ይጀምራል፣ ቀለሙ ቡናማ ይሆናል። ዘጠኝ አሥር ደቂቃ ላይ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ይጀምራል። ይህ ነው ወሳኙ ሰዓት። ከመጀመሪያው ቀጭታ በኋላ አንድ ደቂቃ፣ ቢበዛ አንድ ተኩል ቆጥራችሁ አውርዱ። ፍሬው ደረቅ እንጂ ዘይት የወጣው መሆን የለበትም። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ከሆነ አልፎበታል፤ የኮቸሬም ይሁን የቴፒ አንድ ዓይነት ይቀምሳል።

ወዲያው ሰፌድ ላይ። ቡናው ከእሳት ቢወርድም በራሱ ሙቀት መቆላቱን ስለማያቆም በሁለትና ሦስት ደቂቃ ውስጥ መቀዝቀዝ አለበት። ውጭ አገር ለዚህ ብቻ ማራገቢያ ያለው ዕቃ ይሸጣሉ፤ እኛ ሰፌዱን ይዘን ማበጠር ነው፤ ገለፈቱም ይሄዳል፣ ቡናውም ይበርዳል። እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ስለሆነ በረንዳ ላይ አበጥርና ገለፈቱ ሦስተኛ ፎቅ የተሰጣ ነጭ አንሶላ ላይ ያርፋል። ጎረቤቴን በየሳምንቱ አንድ ስኒ እየወሰድኩ ነው የማስታርቀው። አሁን ከመቁላቴ በፊት ወደ ታች አያለሁ።

ሲቀዘቅዝ መዝኑት። 200 ግራሙ ወደ 172 ከወረደ 14 በመቶ ቀንሷል ማለት ነው፤ እኔ የምወደው እዚያ ነው። 165 ከሆነ ጠቁሯል፣ 180 ከሆነ ውስጡ ጥሬ ሊሆን ይችላል። መካከል ላይ ነጣ ብለው የቀሩ ፍሬዎች ታያላችሁ፤ ሳይበስሉ የተለቀሙ ናቸው። ልቀሟቸው፤ ሦስቱ አንድ ስኒ ለውዝ ለውዝ ያሰኛሉ።

ስንት ቀን ይረፍ? በወረቀት ለሚጠለል ከአምስት እስከ ሰባት ቀን። አዲስ የተቆላ ቡና ጋዝ ስለሚተፋ ውሃው በደንብ አይገባበትም። ለጀበና ግን በነጋታውም ይሆናል፤ ፍላቱ ራሱ ጋዙን ያባርረዋል። ቆልቶ ወዲያው ማፍላት የቻልነው ለዚህ ነው።

ውሃና ከፍታ

እህቴ ደወለች። «ቡናሽ መረረኝ» አለች። እማዬ ጠቆር አድርጋ ቆልታ የላከችውን፣ እኔ በላክሁላት ልክ፣ 15 ግራም በ250 ውሃ፣ ልክ በፈላበት ነው የሠራችው። ስልኩን ማንቆርቆሪያው ላይ አዙራ አሳየችኝ፤ ሙቀት መለኪያው 100 ይላል። የእኔ አንድም ቀን 100 ብሎ አያውቅም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እኔ «እንደፈላ ጨምሪ» ስል 92 ማለቴ ነው፤ እሷ ዘንድ ደግሞ 100 ሆነ። ክዳኑን ከፍታ አንድ ሁለት ደቂቃ ስታቆየው ምሬቱ ሄደ። ለስለስ ብሎ ለተቆላ ቡና ከሆነ ግን እሷም እንደፈላ ብትጠቀም ጥሩ ነው፤ ቀለል ያለ አቆላል ሙቀት ይፈልጋል።

የውጭ መመሪያ ሁሉ «ውሃው ከፈላ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ» ይላል። አዲስ አበባ ያላችሁ አትጠብቁ። ከ92 ላይ ሌላ ሦስት ዲግሪ ከጣላችሁለት ቡናው ኮምጣጣና ቀጭን ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያ «ስፔሻሊቲ ቡና ይጎመዝዛል» ይባላል። ከእሳት ወደ ቡና ቀጥታ ውሰዱት፣ ዕቃውን ቀድማችሁ በፈላ ውሃ አሙቁት። ሐዋሳና ባሕር ዳር ውሃው 94 ላይ ይፈላል፣ ድሬዳዋ 96 ላይ። መለኪያ መግዛት ሳያስፈልግ ከተማችሁን ማወቅ ይበቃል።

የውሃው ዓይነትም አለ። ማፍያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ቶሎ ቶሎ የሚጋገር ከሆነ ውሃችሁ ማዕድን በዝቶበታል፤ የይርጋጨፌን ሎሚነት ድምጥማጡን ያጠፋዋል። የታሸገ ውሃ ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ፤ አጠቃላይ ማዕድኑ በሊትር 150 ሚሊግራም አካባቢ ከሆነ ደህና ነው። የቧንቧው ክሎሪን የሚሸት ከሆነ በሰፊ ድስት ሳይከደን ማሳደር ይረዳል።

ማፍላት

ምንም ዕቃ የሌለው ሰው በቀማሾች መንገድ ይጀምር። ኩባያ ውስጥ 11 ግራም ሻከር ብሎ የተፈጨ ቡና አድርጉ፣ 200 ግራም የፈላ ውሃ አፍስሱበት፣ አራት ደቂቃ ተዉት። ላዩ ላይ የተጋገረውን በማንኪያ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ግፉ፤ አፍንጫችሁን ዝቅ አድርጉ፣ የቡናው ሽታ ሁሉ ያን ጊዜ ነው የሚወጣው። አረፋውን ግፈፉ፣ ሌላ አምስት ስድስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከላይ ከላይ በማንኪያ ጠጡ። ድምፅ አውጥታችሁ ሳቡት፤ ምላስን ሁሉ የሚያዳርሰው እንደዚያ ነው። እማዬ እንግዳ ፊት እንዳላደርገው ለምናኛለች።

መፍጫ ከገዛችሁ የእጅ ይሁን፣ ቢላዋ የሌለው፣ በድንጋይ ወፍጮ መንገድ የሚፈጭ። ቅመም የሚፈጭበትን አትንኩ፤ ስለ በርበሬው ነግሬያችኋለሁ። ሙቀጫ ብቻ ካላችሁ ዘነዘናውን አጠር አጠር አድርጋችሁ ውቀጡና ዱቄቱን በቀጭን የሻይ ማጥለያ ነፍታችሁ አስወግዱ፤ ቡናውን የሚያመርረው እሱ ነው።

በወረቀት ለማጥለል እኔ ቪ 60 የሚባለውን የሾጣጣ ማጥለያ እጠቀማለሁ፤ የፕላስቲኩ ከሸክላው ይሻለኛል፣ ሙቀት አይሰርቅም። ወረቀቱን በፈላ ውሃ እጠቡት። 15 ግራም፣ ከገበታ ጨው ትንሽ ሻከር ያለ። 45 ግራም ውሃ አፍስሱና 40 ሰከንድ ጠብቁ፤ ትኩስ ቡና ከሆነ እንደ ሊጥ ይነፋል። ካልነፋ የተቆላበትን ቀን ጠይቁ። ከዚያ ቀጭን አድርጋችሁ፣ ከመካከል እየዞራችሁ አንድ ደቂቃ ከሩብ ላይ ሚዛኑ 150፣ ሁለት ደቂቃ ላይ 250 እንዲል አፍስሱ። ሦስት ደቂቃ ገደማ ላይ ጠብታው ማለቅ አለበት። ኮምጣጣና ውሃ ውሃ ካለ በሚቀጥለው አድቅቁት፤ ከመረረና ምላስ ካደረቀ አሻክሩት። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ስኒው ለብ ሲል ደግሞ እንደገና ቅመሱት፤ እኛ ትኩሱን ጨርሰን ስለምንነሳ፣ ደረቅ ቡና ሲበርድ የሚያወጣውን ጣፋጭ ብዙዎቻችን አናውቀውም።

ጀበና ግን አትናቁ። ውጭ አገር ቡና ቤቶች ያንን ሁሉ ዕቃ ሲሰበስቡ የሸክላ ጀበና ዝም ብሎ ሥራውን ሲሠራ ነው የኖረው። ለ500 ሚሊ ሊትር ውሃ 35 ግራም አደርጋለሁ፣ ከቪ 60ው ደቀቅ አድርጌ። ውሃውን ጀበናው ውስጥ አፈላለሁ፣ አወርዳለሁ፣ በወረቀት ቀፎ ቡናውን ከትቼ ለስለስ ያለ እሳት ላይ እመልሰዋለሁ። አንገቱ ላይ ሊገነፍል ሲል ወዲያው አወርዳለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ማቶቱ ላይ አምስት ደቂቃ ይስከን። ሲቀዳ ጀበናውን ሳታቃኑ፣ ሳታቋርጡ ከስኒ ወደ ስኒ አሳልፉ። እናቶቻችን በአንድ ትንፋሽ የሚቀዱት ለማማር ብቻ አይደለም፤ ጀበናው ቀና ባለ ቁጥር የሰከነው አተላ ይበጠበጣል። ስድስት ስኒ ይወጣል። ስኳሩን ከመጀመሪያው ስኒ በኋላ አቅርቡት፤ ጤናአዳሙንም፣ ጨውና ቅቤ የምትሉም እንዲሁ።

ስለ ቶናና በረካ ግን መዋሸት አልችልም። ለስለስ ብሎ የተቆላ ቡና የሚሰጠውን በአቦል ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ቀጭን ምሬት ነው። ይህንን ለእማዬ ስነግራት «ሰው ጠርተሽ በአንድ ስኒ ልትሸኚ ነው? ጠብ ልትፈልጊ ነው?» አለችኝ። ብዙ ከተነታረክን በኋላ እሑድ እሑድ እንዲህ ተስማማን፦ አቦሉ የእኔ ነው፣ እጣንም አይጨስበትም፣ ሽታውን ስለሚሸፍነው። አቦሉ እንዳለቀ ከሰሉ ላይ እጣን ይነሰነሳል፣ እሷ የራሷን ጥቁር ቡና በራሷ ጀበና ትጥዳለች፣ ቶናውም በረካውም ከዚያ ይቀዳል። ጎረቤቶቻችን አሁን የእኔን «ሻይቱ» ይሏታል። ሦስቱ ግን ሳይቀምሷት አይሄዱም።

ጀበና ስትለዩ አዲሱን ለስፔሻሊቲው አድርጉት። ከመጠቀማችሁ በፊት ይሟሽ፤ አሮጌ አተላና ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ እያፈላችሁ ድፉበት፣ የሸክላው ሽታ እስኪለቅ። ከዚያ በኋላ ሳሙና አታስነኩት፤ ሸክላ ሳሙና ይጠጣል፣ ነገ ስኒያችሁ ውስጥ ታገኙታላችሁ። በፈላ ውሃ አለቅልቃችሁ፣ አፉን ደፍታችሁ፣ ነፋስ በሚያገኝበት አድርቁት፤ እርጥቡን ከደፈናችሁት ይሻግታል።